ጉድለቱ ከዘይቱ አይደለም፦ ስለ ቮልስ ፍሪሲዮን ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የቮልስን ፍሪሲዮን፣ ማለትም ሞተሩን ከማርሽ ሣጥኑ የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል፣ በገመድ ከመሳብ በዘይት ግፊት ወደመሥራት ስለመቀየር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቅርቡ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዙ ዘመን በጋራዥ የሠሩ ሰው መሆናቸው ከአገላለጻቸው ይታወቃል፤ ስለ ገመዱ የጻፉትም አብዛኛው ትክክል ነው። ስለ ዘይቱ ያሉት ግን ባጭሩ የሚከተለው ነው። በዘይት የተቀየረ ቮልስ አንደኛና የኋላ ማርሽ ሲገባለት የሚጮኸው የቅየራው ሐሳብ ራሱ ስለማይሠራ ነው፤ ፋብሪካው ያላደረገውን እኛ ማድረግ አይገባንም። ፔዳሉ ከላላ መንሥኤው ምን ጊዜም አየር ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ደግሞ አየሩ ተጣርቶ አይወጣም። የግድ ይቀየር ከተባለ የላይኛውን ፖምፓ በትልቅ መተካት፣ ውሃ የሚስበውን የፍሬን ዘይት ትቶ የካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ዘይት መሙላትና ከፍሬኑ ዘይት ማጠራቀሚያ ቅርንጫፍ ማውጣት ይበቃል። ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተም ሸራው፣ ማለትም በሰበቃ የሚይዘው ዲስክ፣ አልቋል ማለት ነው።

እኔ የምሠራው ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት አልፎ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሱሉልታ ውስጥ ባለ አነስተኛ ጋራዥ ነው። በዚያ ዳገት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ እየቆሙና እየተነሡ መውጣት ለፍሪሲዮን ከባድ ፈተና ስለሆነ፣ ደካማ ሥራ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ይጋለጣል። ይህን ምላሽ የምጽፈው ጸሐፊው የሰጡትን ምክር ተከትለው ገንዘባቸውን ከጨረሱ በኋላ የሚመጡ ባለ መኪኖች ስላጋጠሙኝ ነው። የምለው ነገር አንድ ነው፦ በዘይት የተቀየረ ፍሪሲዮን አልለቅ ሲል የጠፋው እንቅስቃሴ የት እንደጠፋ በማስመሪያ መለካት ይቻላል፤ ሳይለኩ በእግር ስሜት ብቻ አየር ነው ብሎ መፍረድ ግን ባለቤቱን ያስከፍላል፣ መኪናውንም ይጎዳል። ከዚህ በታች የላይኛው ፖምፓ የምለው ፔዳሉ የሚገፋውን፣ የታችኛው ፖምፓ የምለው ደግሞ ካምቢዮው ላይ ያለውን፣ ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀውን ማንሻ፣ እኛ ሌቫ የምንለውን፣ የሚያንቀሳቅሰውን ነው።

ስለ ፋብሪካው ከተነሣው ነጥብ ልጀምር። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ምርቱ እስከቆመበት ጊዜ ድረስ ፍሪሲዮኑ በገመድ የሚሠራ እንደነበር ጸሐፊው የጻፉት እውነት ነው። ነገር ግን ቮልስዋገን ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው በሦስተኛው ትውልድ የትራንስፖርተር ሚኒባስ ላይ፣ ሞተሩና ካምቢዮው እንደ ቮልስ ከኋላ፣ ፔዳሉ ከፊት ሆኖ፣ ፍሪሲዮኑን በዘይት አድርጎታል፤ በዚያ መኪና ላይ ዘይቱ የሚጓዝበት ቱቦ ከቮልስ የረዘመ ነው። ፖርሽም 911ን ለብዙ ዓመታት በገመድ ሲሠራ ቆይቶ ለ1987 ሞዴል ካምቢዮውን ሲለውጥ ፍሪሲዮኑንም ወደ ዘይት አዛውሮታል። ስለዚህ ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና ፍሪሲዮን በዘይት አይሠራም የሚለው አባባል በራሱ በፋብሪካው ሥራ ውድቅ ይሆናል። በፋብሪካው ሥራና በእኛ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው፤ ፋብሪካው የታችኛውን ፖምፓ የሚያስረው በማይታጠፍ ነገር ላይ ነው።

ቅየራው ለምን እንደሚፈለግም ጽሑፉ በቅንጦት ብቻ አልፎታል። የቮልስ ገመድ በወለሉ መሐል ባለው ዋሻ ውስጥ በተበየደ ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ያ ቱቦ ከብየዳው ሲላቀቅ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ቱቦውም አብሮ ይጎተታል፣ ፔዳሉም ይከብዳል፣ ገመዱም ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል። ይህን ለመጠገን ዋሻውን ከጎን ቀዶ መበየድ ያስፈልጋል። ከዚያ ይልቅ የዘይት ቱቦ ማስገባት የመረጠን ሰው ቅንጦተኛ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። የብረት ቱቦው ጤነኛ ለሆነለት ሰው ግን እኔም ገመዱን አትንካው ነው የምለው። አዲስ ገመድ ይግባ፣ ፔዳሉ ሳይከብድ የሚሄድበት ነጻ እንቅስቃሴ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይስተካከል፣ በካምቢዮው በኩል ያለው ተጣጣፊ ቱቦም ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ጎበጥ እንዲል ይደረግ፤ መኪናው ለብዙ ዓመት ያለችግር ይሄዳል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ፔዳሉ ከላላ አየር ነው» የሚለው ፍርድ እኛ ዘንድ ከሚመጡት መኪኖች በአብዛኛዎቹ ላይ ተወስኖባቸው የመጣ ነው። ከእነዚህ አንዷን ከነልኬቷ ላቅርብ።

ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቮልሳቸው ከሶማሌ ተራ በተገዛ የላዳ የላይኛና የታችኛ ፖምፓ ተቀይራ ነበር። ምርጫው ጥሩ ነው፤ ላዳ ከመጀመሪያው ፍሪሲዮኑ በዘይት የሚሠራ መኪና ስለሆነ፣ ለብዙ ዘመንም የከተማችን ታክሲ ስለነበረ፣ ዕቃውና ጎሚኒው (በፖምፓው ውስጥ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ጎማ) በቀላሉ ይገኛል። በእሳቸው መኪና ላይ የሁለቱንም ፖምፓዎች የውስጥ ስፋት በካሊፐር ስለካው 19.05 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሦስት አራተኛ ኢንች ነበር። መኪናዋ ሦስት ጋራዥ ዞራለች፤ በሦስቱም ጎሚኒ ተቀይሮላታል፣ አየር ወጥቶላታል፣ ሦስቱም ጊዜ ግን የኋላ ማርሽ እየጮኸ ነው የሚገባው።

«ልጄ፣ ስንት ጠርሙስ ዘይት እንዳስጨረሱኝ እኔ ነኝ የማውቀው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዘይት አንነካም። መጀመሪያ እንለካለን» አልኳቸው።

ሁለቱ ፖምፓዎች እኩል ስፋት ካላቸው፣ የላይኛው የተገፋውን ያህል የታችኛው መውጣት አለበት፤ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም። ረዳቴ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሲጫን የላይኛው ፖምፓ ዘንግ 28 ሚሊ ሜትር ገባ። ሆኖም ዘንጉን ብቻ ሳይሆን የፖምፓውን አካልም በቋሚ ምልክት ስንመለከተው፣ የታሰረበት ላሜራ እየታጠፈ ፖምፓው ራሱ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሸሻል። ስለዚህ ዘይቱን በእርግጥ የገፋው 25 ሚሊ ሜትር ነው። ከታች ስንለካ ዘንጉ ከፖምፓው አካል የወጣው 22 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚያ ማስመሪያውን ካምቢዮው ላይ አስደግፈን የማንሻውን ጫፍ ስንለካ ግን የተጓዘው 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ቀሪው 7 ሚሊ ሜትር የሄደው የታችኛው ፖምፓ የታሰረበት ብረት እየተለመጠ ወደ ኋላ በመሸሹ ነው።

እንግዲህ ከ28ቱ ሚሊ ሜትር 13ቱ ጠፍተዋል። ከ13ቱ ውስጥ 10ሩ የጠፉት በብረት መታጠፍ ነው። ዘይቱ ውስጥ የጠፋው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ይህም በፖምፓው ስፋት ሲባዛ ከ1 ሚሊ ሊትር ያነሰ ነው፤ ከእሱም ከፊሉ የጎማው ቱቦ በግፊት መለጠጥ እንጂ አየር አይደለም። ሦስት ጋራዥ ያሳደደው ይህን ትንሹን ጉድለት ነበር። አየሩን በሙሉ ቢያወጡት እንኳ ማንሻው 18 ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማል።

የሚያስፈልገው ስንት እንደሆነስ በምን ይታወቃል? ይህንንም ከሌላ መኪና ቁጥር ሳይበደሩ እዚያው መኪና ላይ መለካት ይቻላል። ሞተሩ ይጠፋል፣ ሌሎቹ ጎማዎች በሚገባ ይታገዳሉ፣ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ መኪናው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል፣ ማርሽ ይገባል። አንድ ሰው የተነሣውን ጎማ በእጁ ለማዞር እየሞከረ ሌላው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይጫናል፤ ጎማው ነጻ ሆኖ መዞር በጀመረበት ቅጽበት ማንሻው የደረሰበት ርቀት ፍሪሲዮኑ የሚለቅበት ነጥብ ነው። በመምህሩ መኪና ላይ፣ ከታች የምገልጸው ማሰሪያ ከተጠናከረ በኋላ ስንለካው፣ ይህ ነጥብ 18 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። 15 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሄድ ማንሻ ማርሹን ለምን እንደሚያስጮኸው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ አየሩ ሁሉ ቢወጣ እንኳ ገና ድንበሩ ላይ ነበር የሚደርሰው።

የብረቱ ጉዳይ በቮልስ ላይ ለምን እንዲህ ጎልቶ እንደሚታይ ማስረዳት ይገባል፤ ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አላነሣውም። የቮልስ ገመድ ማንሻውን ወደ ፊት ነው የሚጎትተው። የላዳ የታችኛ ፖምፓ ደግሞ የሚገፋ እንጂ የሚጎትት አይደለም። ስለዚህ ፖምፓው ከማንሻው በስተኋላ መቀመጥ ይኖርበታል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ፋብሪካው ያዘጋጀው ማሰሪያ የለም። መካኒኩ ከአንድ የካምቢዮ ቡሎን ላይ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አውጥቶ በጫፉ ላይ ፖምፓውን ይሰቅላል። ላሜራው በእጅ ሲነካ ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን የፕሬሸር ፕሌቱን፣ ማለትም ሸራውን ተጭኖ የሚይዘውን ክፍል፣ ግፊት በማንሻው በኩል የሚሸከመው እሱ ነው፤ ፖምፓው ማንሻውን በገፋው ልክ ማንሻውም ፖምፓውን መልሶ ይገፋዋልና። እኛ ያደረግነው 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት፣ ከጎኑ የማጠናከሪያ ክንፍ የተበየደለት ማሰሪያ ቶርኖ ቤት አሠርተን በሁለት ቡሎን ካምቢዮው ላይ ማሰር ነው። ከፔዳሉ በኩልም ከላሜራው ጀርባ ደጋፊ ብረት አደረግን። ከዚያ በኋላ አየሩን አንድ ጊዜ በሥርዓት አውጥተን ስንለካ ማንሻው 25 ሚሊ ሜትር ሄደ። ይህ ደግሞ ከሚፈለገው በላይ ስለሆነ ፔዳሉ ሥር ማቆሚያ አበጅተን በ22 ላይ ገደብነው።

አየር ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። በ19.05 ሚሊ ሜትር ፖምፓ ላይ 1 ሚሊ ሊትር አየር 3.5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ እንቅስቃሴ ይበላል፤ ይህ ትንሽ አይባልም። ነገር ግን አየርና የብረት መታጠፍ የሚለዩበት ምልክት አላቸው። ፔዳሉ ቶሎ ቶሎ ሦስትና አራት ጊዜ ሲረገጥ ከፍ እያለና እየጠነከረ ከመጣ አየርን መጠርጠር ተገቢ ነው። ስንት ጊዜ ቢረገጥ ያው ከሆነ ብረቱን ማየት ይበጃል። ፔዳሉ ተረግጦ እንደተያዘ ማንሻው ቀስ በቀስ ከተመለሰ ደግሞ፣ ውጭ የሚንጠባጠብ ዘይት ከሌለ፣ የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ እያሳለፈ ነው።

አየር የማውጣቱ አሠራርም ቢሆን እንደ ጽሑፉ አነጋገር የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የምንጠቀምበት ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጡ 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 28 ሚሊ ሜትር የሚገፋ የላዳ ፖምፓ በአንድ ርግጫ 8 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ይልካል፤ ይህም በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለውን ዘይት አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ያስኬደዋል። ከፔዳሉ እስከ ካምቢዮው ቱቦው ከሁለት ሜትር ተኩል የማያንስ በመሆኑ አንድ የአየር አረፋ ጉዞውን ለመጨረስ ሦስት ሙሉ ርግጫ ይፈልጋል። ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት የማስወጫው ቡሎን ካልተዘጋ ደግሞ አረፋው የሄደውን ያህል ይመለሳል። ብዙ ሰው ሲረግጥ ውሎ ለውጥ የማያይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው የማስወጫው ቡሎን ያለበት ቦታ ነው፤ ፖምፓው ሲታሰር ማስወጫው ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ከዞረ አየሩ ከላይ ይቀራል፣ ዘይቱ ብቻ ይወጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፖምፓውን ከማሰሪያው ፈትቶ፣ ዘንጉ እንዳይወጣ አግዶ፣ ማስወጫው ሽቅብ እንዲሆን ይዞ አየሩን ማስወጣት ይገባል። ቱቦው በዋሻው ውስጥ ሽቅብ ተቀልብሶ የሚወርድበት ጉብታ ካለውም ንጹሕ ዘይት በትልቅ ሲሪንጅ ከታችኛው ፖምፓ ወደ ላይ ቀስ አድርጎ መግፋት ይረዳል፤ አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ መሄድ ስለሚፈልግ በዚህ አኳኋን ከእኛ ጋር ይተባበራል።

ስለ ከፍታው የተነሣው ክርክር በመጀመሪያ ሲሰሙት አሳማኝ ይመስላል፤ ስለዚህ በቁጥር መመለስ አለበት። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ፔዳሉ ሲረገጥ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከዚህ እጅግ የበለጠ ነው። 20 ባር ብንወስድ፣ አዲስ አበባ ላይ የቀረ 1 ሚሊ ሊትር አየር ከ96 በመቶ በላይ ይጨመቃል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ የቀረ 1 ሚሊ ሊትር አየርም 95 በመቶ ያህል ይጨመቃል። ልዩነቱ ከሁለት በመቶ የማይሞላ በመሆኑ እግር አይለየውም። ከፍታው ለውጥ የሚያመጣው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ አየሩን በመምጠጫ መሣሪያ ለማውጣት የሚሞክር ሰው መሣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት በላይ መሳብ ስለማይችል፣ እዚህ አገር የመሳብ አቅሙ በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው በአንድ አራተኛ ያንሳል። መፍትሔው ከመሳብ ይልቅ መግፋት ነው፤ ሲሪንጁን ያነሣሁትም ለዚህ ነው።

ትልቅ ፖምፓ ስለመግጠም ጸሐፊው «ሠርቶልኛል» ማለታቸውን አልጠራጠርም። ለምን እንደሠራላቸውም ማስላት ይቻላል። በመምህሩ መኪና ላይ የላይኛው ፖምፓ ከ19.05 ወደ 22.2 ሚሊ ሜትር ቢቀየር ኖሮ በአንድ ርግጫ የሚላከው ዘይት 36 በመቶ ይጨምር ነበር፤ ከሚታጠፈው ላሜራና ከአየሩ ጋር እንኳ ማንሻው 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ማርሹም ሳይጮኽ ይገባል። ባለቤቱ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ ፔዳሉም በዚያው በ36 በመቶ ይከብዳል፤ ጉልበታቸው እያመማቸው ለተቀየረላቸው ሰው ይህ የቅየራውን ጥቅም ማጥፋት ነው። ከፔዳሉ በኩል ያለው ላሜራ የሚሸከመው ኃይል በዚያው መጠን ስለሚጨምር ይበልጥ ይታጠፋል፤ በየቀኑ በመቶ ጊዜ የሚታጠፍ ላሜራ ደግሞ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሌላ መካኒክ የታጠፈውን ብረት አይቶ ቢያጠናክረው፣ ትልቁ ፖምፓ ማንሻውን እስከ 38 ሚሊ ሜትር ሊገፋው ይችላል። 18 ሚሊ ሜትር ላይ የሚለቅ ፍሪሲዮን በዚህ ሁሉ ርቀት ሲገፋ ኩሽኔታው (በማንሻው የሚገፋው ተሽከርካሪ ቀለበት) የፕሬሸር ፕሌቱን ጣቶች ከልክ በላይ ወደ ውስጥ አስገብቶ ይጎዳቸዋል። ሞተሩን አውርዶ ሁሉንም መቀየር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ብረቱን ያጠናከረው ሰው ይሆናል።

ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ሸራው አልቋል የሚለው አባባል በገመድ ለሚሠራ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። በዘይት ለተቀየረ መኪና ግን ከሸራው በፊት መታየት ያለበት የላይኛው ፖምፓ ዘንግ ነው። በላይኛው ፖምፓ ውስጥ፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ሲመለስ ቀዳዳዋ ትከፈታለች፤ ዘንጉ በጣም ረዝሞ ከተስተካከለና ፒስተኑን ሁልጊዜ ትንሽ ገፍቶ ከያዘው ግን ተዘግታ ትቀራለች። ጠዋት መኪናው ደህና ነው። ዳገቱን ሲወጣ የሞተሩና የጭስ ማውጫው ሙቀት በአጠገቡ ያለውን የታችኛውን ፖምፓ ያሞቀዋል፣ ዘይቱም ይሰፋል፣ የሚመለስበት ስለሌለው ማንሻውን መግፋት ይጀምራል፣ ፍሪሲዮኑም ማንም ሳይረግጠው በከፊል ይለቃል፣ ይንሸራተታል። መኪናው ሲቀዘቅዝ ችግሩ ይጠፋል። እንዲህ ያለ መኪና እየተንሸራተተ እያለ የማስወጫውን ቡሎን ለአንድ አፍታ ከፍቶ መዝጋት ምርመራውን ይጨርሰዋል፤ ጥቂት ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ መንሸራተቱ ወዲያው ከቆመ ጥፋቱ የሸራው አይደለም። በዘንጉና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖር ማስተካከል ይበቃል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሞተር አውርደው አዲስ ሸራ ያስገጠሙና ከሳምንት በኋላ ያው ችግር የተመለሰባቸው ሰው አውቃለሁ።

በካምቢዮ ዘይት መሙላትን በተመለከተ ያለ ማመንታት የምናገረው ይህን አታድርጉ የሚለውን ነው። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል የሚለው እውነት ነው፤ ለዚህም ነው በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባባቸው መለኪያቸው ወደ 140ና ወደ 155 ይወርዳል። ነገር ግን የላዳን ጨምሮ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፖምፓ ጎሚኒ የተሠራው ለዚህ ዓይነት ዘይት ነው። ከነዳጅ የሚጣራ ዘይት፣ የካምቢዮም ይሁን የሞተር፣ ሲነካው ጎሚኒው ያብጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ፔዳሉ የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ ያበጠ ጎሚኒ ይጠብቃልና። ከዚያ ፒስተኑ መመለስ ያቅተዋል፣ ያቺም ቀዳዳ ትዘጋለች፣ ከላይ የገለጽኩት መንሸራተት ይከተላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዘይት የገባበትን መኪና ለማዳን ጎሚኒዎቹንና የጎማውን ቱቦ በሙሉ መቀየር፣ የብረቱንም ቱቦ ማጠብ ግድ ነው። በዚህ አጋጣሚ ዶት 5 እና ዶት 5.1 ስማቸው ቢመሳሰልም የተለያዩ መሆናቸውን ላስታውስ፤ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ጽሑፉ «በዘይት የተቀየረ ቮልስ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል» ይላል። የሚንቀጠቀጡ አሉ። በቮልስ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ሆነው በጎማ ላይ የተቀመጡ በመሆናቸው መኪናው ሲነሣ ትንሽ ይወዛወዛሉ። የታችኛው ፖምፓ ካምቢዮው ላይ ከታሰረ አብሮ ይወዛወዛል፤ ሻሲው ላይ ከታሰረ ግን ካምቢዮው በተወዛወዘ ቁጥር ማንሻውን ይገፋዋል፣ ይለቀዋል፣ ፍሪሲዮኑም እየያዘ እየለቀቀ መኪናውን ያርገፈግፈዋል። ማሰሪያውን ወደ ካምቢዮው ማዛወር ብቻ ይበቃል፤ የካምቢዮው ጎማዎችም አርጅተው እንደሆነ በዚያው ይታዩ።

ከፍሬኑ ማጠራቀሚያ ቅርንጫፍ ማውጣትን በተመለከተ፣ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ፍሬንና ፍሪሲዮን በአንድ ማጠራቀሚያ እንደሚጠቀሙ ጸሐፊው መጻፋቸው ልክ ነው። ያላከሉት ግን ለፍሪሲዮኑ የሚወጣው ቱቦ በእነዚያ ማጠራቀሚያዎች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ መሆኑን ነው፤ ፍሪሲዮኑ ቢያፈስ ዘይቱ እስከዚያ ቱቦ ድረስ ብቻ ይወርድና ለፍሬኑ የሚበቃው ይቀራል። በቮልስ ማጠራቀሚያ ግርጌ ባለው ቱቦ ላይ መገናኛ አስገብቶ መክፈል ግን በታችኛው ፖምፓ ያለ አንድ የተበላ ጎሚኒ ፍሬኑን ጭምር እንዲያደርቀው መፍቀድ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ቮልሶች ደግሞ ፍሬናቸው ባለ አንድ መሥመር ነው፤ ለአራቱም ጎማ ሌላ የሚተካው የለም። ለፍሪሲዮኑ የራሱን ትንሽ ማጠራቀሚያ ማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው፤ የእንጦጦን ቁልቁለት በየቀኑ የሚወርድ ሰው ይህን ያህል ለመቆጠብ ፍሬኑን አሳልፎ መስጠት የለበትም።

የመምህሩን መኪና ስናስረክብ ማንሻው ሲያርፍና ሲገፋ የሚቆምባቸውን ሁለት ቦታዎች ካምቢዮው ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርገንባቸዋል። ከክረምቱ በኋላ ለሞተር ዘይት ሲመጡ ሥሯ ገብቼ ማስመሪያውን ስይዝ 22 የነበረው 21 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። አንዱን የማሰሪያ ቡሎን በኪያቬ ስሞክረው ሩብ ዙር ያህል ላልቶ ነበር፤ አጥብቄ እንደገና ስለካ ወደ 22 ተመለሰ።